አፉ የተባለ ዕዳ

ማንአልሞሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ስትገባ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም ነበር። እሷንና እነ ጀይሉን የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ እሱም ከወዲያ ጎኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፣ ይጠገን ያለ ሰው የለም። ጀይሉ በረንዳው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጦ ወደ ሱቁ የሚወስደውን በርበሬ ይለቅማል። ማንአልሞሽ እንዴት አደራችሁን ጨረሰች፣ የሚስቱን የፋጡሜን ወገብ ጠየቀች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናንት አመሻሹ ላይ ሁለት ሰዎች ቤቷ መጥተው ስለ ልጁ ስለ ነኢማ ሲጠይቋት እንደቆዩ ነገረችው። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ጫማችንን በር ላይ ካላወለቅን ብለው አስቸግረዋታል። የጠየቋት ግን ግራ አጋብቷታል። ልጅቱ ገንዘብ ትወዳለች ወይ፣ ከአቅሟ በላይ ትለብሳለች ወይ፣ ማታ ማታ እየመጣ የሚጠራት ሰው አለ ወይ፣ ወርቅ ታደርጋለች ወይ።

«ወርቅ ካላችሁ አንድ ጉትቻ አላት፣ ጓደኛውን ጥላው እስከ ዛሬ ትፈልጋለች አልኳቸው» አለች ማንአልሞሽ። «ሳቁ። አንደኛው ግን እየሳቀም ይጽፍ ነበር፣ ጋሽ ጀይሉ።»

ጀይሉም ሳቅ አለ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ሰዎቹ ልጅቱ ከሐጂ የተበደረችውን ገንዘብ ነገር ያውቁታል፣ ፍርድ ቤት ሄደው መዝገብ አይተዋል፣ ከፈለች ወይ ብለው ጠይቀዋታል። በሽማግሌ አልቋል ብትላቸው፣ በሽማግሌ ማለት ምን ማለት ነው አሉ። እሷም ማለቁን እንጂ እንዴት እንዳለቀ የምትለው አጣች። ዛሬ እስከ ቀትር ቀበሌው ውስጥ እንደሚቆዩና ከዚያ ወደ ደሴ እንደሚያልፉ ሰምታለች። ይህን ብላ ወደ ቀዳዳዋ ተመለሰች፤ ጀይሉ የያዘውን በርበሬ ከለቀመው ላይ ይሁን ካልለቀመው ላይ እንደጣለ እንኳ አላየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነኢማ ኮምቦልቻ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ተምራ፣ አሁን ከሚሴ አስፋልቱ ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሰው ሞባይል ትጠግናለች። ዘንድሮ አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና አወጣ፣ ሄዳ ተፈተነች፣ አለፈች። የአገር ምስጢር የሚያልፍበትን መስመር የሚጠብቁ ሰዎች የሚሠሩበት ቤት ነው። ደመወዙ የጀይሉ ሱቅ በሁለት ወር ከሚያስገባው ይበልጣል፣ መኖሪያም ይሰጣል። የቀራት የደህንነት ማጣሪያ የሚሉት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የወደቀ ሰው ስሙ እዚያው ይቀራል፣ የሚመስለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አይቀበለውም ብለው ነግረዋታል። ፋጡሜ ይህን የመጨረሻውን ነገር አልሰማችም፣ ማንም አልነገራትም፤ እሷ ልጇ ልትሄድ ነው ብላ ብርድ ልብስ አጥባለች።

ብድሩ ደግሞ የድሮ ነው። በጦርነቱ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ነኢማ የራሷ የሞባይል ሱቅ ነበራት፤ የከፈተችውም ከሰንበቴው ከብት ነጋዴ ከሐጂ ሙሀመድአሚን ሁለት መቶ ሺህ ብር ተበድራ ነው። ሐጂ ወለድ አይነኩም፣ ሲኖርሽ ትመልሺያለሽ ብለው ነው የሰጧት። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ፣ ሰው ከከተማው ወጣ፣ ሲመለስ የሱቁ ዕቃ ቀርቶ በሩም አልነበረም። ሐጂ አዲስ አበባ ታመው በተኙበት ልጃቸው ካሚል ከሰሳት። ሐጂ ድነው ሲመለሱ ክሱን አስተዉት፣ ሽማግሌ ሰበሰቡ፣ ልጅቱ ሻሿን ዝቅ አድርጋ በር ላይ ቆማ፣ «ለአላህ ብዬ ዕዳውን ትቼላታለሁ፣ አፉ ብያታለሁ» አሉ። አሚን ተባለ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። እኛ ዘንድ በዱዓ የተዘጋ ነገር ተመልሶ አይከፈትም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ገንዘብ ያነሳ ሰው የለም፤ ወረቀት ይጻፍ ያለም የለም፤ ይጻፍ የሚል ቢኖር ኖሮ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ያፍር ነበር።

ጀይሉ ተነስቶ ገባ። ነኢማ መጋረጃው ጀርባ ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች፣ ካውያው ከጨርቁ ላይ ተነስቷል። ሰንበቴ ሄዶ ሐጂን ራሳቸውን ይዞ እንደሚመጣ፣ ባለገንዘቡ በአፋቸው አልቋል ካሉ ሌላ ምን ይፈልጋሉ ብሎ ነገራት። ነኢማም፣ ተወው አባ፣ ሐጂን አታንገላታቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አለች። ሌላ ነገር የምትል መስሎት ጠበቀ። ካውያዋን መልሳ ጨርቁ ላይ አደረገች። ጀይሉ አፍራ ነው ብሎ አሰበ፤ ሌላ ነገር ታውቅ እንደሆነ አልጠረጠረም። ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

መናኸሪያው ላይ የሰንበቴ ሚኒባስ ሁለት መቶ ብር ገብቷል። አምና መቶ ሃያ ነበር ሲል ረዳቱ፣ አባባ፣ አምና ቢሄዱ ኖሮ ይሻል ነበር ብሎ አሳቀበት። የገበያ ቀን ስላልነበር መኪናው ለመሙላት ዘገየ። ከጎኑ የተቀመጠች ሴት ሽንኩርት ስንት እንደገባ፣ ዘይት ስንት እንደገባ ነገረችው፤ እሱም በርበሬ ስንት እንደገባ ነገራት። ቀኑ እየሞቀ ነው። የቦርከና ሜዳ በመስኮቱ እያለፈ ጀይሉ ልቡ ሰዓቱ ላይ ነበር፤ እስከ ቀትር ማለት ለአዲስ አበባ ሰው ስንት ሰዓት ይሆን እያለ ይጨነቃል። ሐጂ ባይኖሩስ፣ ታመው ቢሆንስ፣ ካሚል በር ላይ ቢያገኘውና ምን ፈልገህ ነው ቢለውስ።

ሐጂ ግን ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ የግራር ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎላቸው፣ ታማሚ ጉልበታቸውን ዘርግተው ሁለት ወጠጤ ሊሸጥላቸው ከመጣ ሰው ጋር በዋጋ ይከራከራሉ። የኦሮምኛው ሰላምታ ረዘም አለ፤ አከም ነጌኛ፣ ነጋ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። እንግዳ ከመንገድ ገብቶ የመጣበትን ጉዳይ ወዲያው አይናገርም፤ ጀይሉም ይህን ያውቃል፣ ስለዚህ በወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበለት፣ ጠጣ፤ ደገሙለት፣ ጠጣ። ሦስተኛውን እጁን ክዳን አድርጎ መለሰና በመጨረሻ ነገራቸው። ሐጂ እየሰሙ ፊታቸው በራ። አይ፣ ይቺ ናት እንዴ አሉ፤ ይህን ያህል ጊዜ አስቀምጠኸኝ፣ ገና ከበር ሳለህ አትለኝም ኖሯል ብለው ተቆጡት፤ የነኢማን ነገር እኔ ካልመሰከርኩ ማን ሊመሰክር ነው ብለው ነጭ ጀለቢያቸውንና ሽቶአቸውን አስመጡ። ሲሄዱ ሁለቱን ወጠጤዎች ወደ ኋላ ዞረው አላዩም።

መመለሻው ላይ ጀይሉ የሁለቱንም ከፈለ፣ ሐጂን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጦ እሱ ከኋላቸው ተቀመጠ። አሳብ የመጣለት ያን ጊዜ ነው። እነዚያ ሰዎች ከፈለች ወይ ነው ያሉት። አንዲት ቃል ናት፤ ሐጂ ከፍላኛለች ቢሉ ሁሉ ያልቃል። ለመናገር አፉን ከፍቶ ዘጋ፤ ሌላ ጊዜ ከፍቶ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ተናገረ። ከሚሴ ሊደርሱ ሲሉ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ ሐጂ፣ ምናልባት ከፍላኛለች ቢሏቸው ነገሩ ያጥር ይሆን አለ፤ ሲናገር ራሱን አልወደደውም።

ሐጂ አልዞሩም። አንገታቸው ሥር ያለው የሽበት ፀጉር ላብ ይዞታል። «ጀይሉ» አሉ ቆይተው፣ «ከፍላኛለች ካልኩ ያንን ለአላህ የሰጠሁትን ተመልሼ በላሁት ማለት አይደል? ነገ ቀብር ውስጥ ምን ይዤ ልገባ ነው?» ከሚሴ ወረዱ። ጀይሉ ባጃጅ ጠርቶ ጉልበታቸውን በሁለት እጁ ይዞ አስገባቸው።

የቀበሌው ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል፣ ጥግ ላይ የተሰበሩ የስብሰባ ወንበሮች ተከምረዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ የተጠጣ የታሸገ ውኃ አለ። አንደኛው ሰው ሌላ ጎረቤት ጋ ሄዷል፤ የቀረው ስሙ ዘመድኩን ነው፣ ወጣት ነው፣ ሙቀቱን አልለመደውም፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ለሐጂ ተነስቶ የራሱን ወንበር ሰጣቸው፣ እሱ በተሰበረው ላይ ተቀመጠ። ጀይሉ ይወጣ ወይ ሲል፣ ሐጂ እኔ የምናገረው የሚደበቅ የለውም፣ ይቀመጥ አሉ። ዘመድኩንም አልከለከለም።

ሐጂ ከመጀመሪያው አንስተው ነገሩት። እንዴት እንዳበደሯት፣ እንዴት እንደተዘረፈች፣ ልጃቸው እንዴት እንደቸኮለ፣ እንዴት አፉ እንዳሏት። ደስ እያላቸው ነው የሚናገሩት፣ እጃቸው እንኳ ዱዓ እንደተደረገበት ቀን ተዘርግቷል። ዘመድኩን አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ከሁለት መቶ ሺው ስንቱን ከፍላዎት ነበር አለ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ከምን ትክፈል ልጄ? በሩን እንኳ ነቅለው ሄደውባት።»

ያን ዓመት ሌሎች ተበዳሪዎች እንደነበሯቸው፣ ለእነሱም አፉ ብለው እንደሆነ ጠየቃቸው። ሐጂ አሰቡ። መዋሸት አይችሉም። ለአንዳንዱ ጊዜ ሰጠሁ፣ አንዳንዱ ከፊሉን ከፈለኝ፣ ሁሉንም አፉ ያልኩት ለእሷ ነው አሉ። ለእሷ ብቻ ለምን ሆነ አለ። አሳዘነችኝ አሉ። ዘመድኩን እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ በጣቱ አዟዟረና፣ ሁሉም የሚጠየቀው ነው፣ ቅር አይበልዎት ብሎ ጀምሮ፣ «ከልጅቱ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ነበራችሁ?» አለ።

ከውጭ አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና አለፈ። ጀይሉ ዓይኑን እግሩ ላይ ጣለ። ሐጂ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባቸውም፣ ፈገግ እንዳሉ ቆዩ፤ ከዚያ ሲገባቸው ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊታቸው ሲወርድ ጀይሉ ሳያይም አወቀው። እነዚያ ሽማግሌዎች የመረቁት ነገር እንዲህ ተብሎ ሊጠየቅ እንደሚችል ሁለቱም በሕይወታቸው አስበው አያውቁም።

«ስማ ልጄ» አሉ ሐጂ። «እኔ አንድ እግሬ መቃብር የገባ ሰው ነኝ። እሷ ልጄ ናት። የወለድኳቸው የማያደርጉልኝን የምታደርግልኝ ልጄ ናት። ረመዳን መጥቶ ሳታየኝ ቀርታ አታውቅም፣ አረፋ መጥቶ ቀርታ አታውቅም። አሁን ተነሽ ብላት ትነሳለች። የፈለግኩትን ብጠይቃት እምቢ አትለኝም። እሷ ውለታ የምትረሳ አይደለችም።»

«የፈለጉትን?»

«የፈለግኩትን። ወላሂ።»

ሐጂ ይህን ያሉት ሊያነሷት ነው። ስሟ ላይ ሊያርፍ የነበረውን ነገር በእጃቸው ሊያራግፉላት ነው። በዚህ አገር ለአንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ምስክርነት የለም፤ ውለታ አይረሳም ከተባለ ሴት ልጅህን ትድርለታለህ፣ ከብትህን ትሰጠዋለህ። ዘመድኩን ጻፈ፤ ብዙም አልጻፈም፣ አንድ መስመር ይሆናል። ከዚያ ሐጂን አመሰገነ፣ ጉልበታቸውን ደግፎ አስነሳቸው፣ ከተጠየቁት በላይ ረድተውኛል አላቸው። የቀትሩ የዙሁር አዛን እያለ ነበር፤ ሐጂ ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቧንቧው ወጡ።

ጀይሉ በሩ ላይ ቀረ። ታዲያ ጥሩ ነው አይደል አለ። ዘመድኩን ወረቀቱን ሰብስቦ ሲያበቃ ቀና ብሎ አየው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ዓይኑ ላይ ሐዘን ነበር። እኔ አይደለሁም የምወስነው፣ ከላይ ነው አለ መጀመሪያ። ጀይሉ አልተንቀሳቀሰም።

«አባቴ» አለ ዘመድኩን፣ «መዝገቡን ብቻ ይዘን ብንሄድ ይሻላት ነበር። ዕዳ ቢሆን ትከፍለዋለች፣ ያልቃል። ይሄኛው ግን የሚያልቅ አይደለም። እዚያ ቤት የሚፈራው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው።»

ጀይሉ ሱቁን ሸጦ ዛሬውኑ ቢከፍላቸውስ አለ። ዘመድኩን ረጋ ብሎ፣ እኛ ከመጣን በኋላ? ብሎ ጠየቀው። ጀይሉም አሁን ቢከፍል ለመደበቅ እንደሚመስል ገባው፤ ደግሞስ ሐጂ መቼ ይቀበሉና። ወጣቱ የተረፈውን ውኃ አንስቶ ጠጥቶ ቦርሳውን ዘጋ።

ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ጠዋቱ በርቷል፣ ያ ክፉ ጥያቄ ከውዱኡ ጋር ታጥቦ የወረደላቸው ይመስላል። ደህና አድርጌ ተናገርኩላት አይደል፣ አፉን አዘጋሁት አይደል አሉት። ጀይሉ ደህና አድርገው ተናገሩ፣ አላህ ይስጥልን አላቸው። የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። ምሳ ሳይበሉ መሸኘት ነውር ነውና፣ ባጃጅ ይዞ ወደ ቤት ወሰዳቸው።

ፋጡሜ ከማንአልሞሽ ሳህን ተበድራ፣ ሩዝ በሥጋ ሠርታ ጠብቃለች። ሐጂ ከፍራሹ ላይ ትራስ ተደርጎላቸው ተቀመጡ፤ ነኢማ ጉልበታቸውን ሳመች፣ እጃቸውን አስታጠበች። ከዚያ ሐጂ የተባባሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይነግሯት ጀመር። ያቺን አንዷን ጥያቄ ዘለሏት። የፈለግኩትን ብጠይቃት እምቢ አትለኝም አልኩት፣ ወላሂ ብዬ ማልኩለት ሲሉ ነኢማ ውኃ የያዘውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች። አባቷን አላየችውም። ጀይሉ ግን አያት፤ ከንፈሯ ትንሽ ሲነጣ አየ፣ ጠዋት ካውያውን ይዛ ዝም ያለችው ይህንን ፈርታ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። ፋጡሜ አሚን፣ አሚን ትላለች፣ ሥጋውን ወደ ሐጂ ጎን ትገፋለች። ነኢማ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው ሐጂ አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር።

በልተው ሲጨርሱ ሐጂ ፋጡሜ ዕቃ እስክታነሳ ጠበቁና ነኢማን ጠጋ በይ አሏት። ካሚል አሉ፤ ያ የከሰሰሽ ልጄ። ጅቡቲ ለንግድ ሊወጣ ቢል ፓስፖርት ከልክለውታል፣ ስምህ የሆነ ቦታ ተጽፎብሃል ይሉታል፣ የት እንደተጻፈ የሚነግረው ሰው የለም። ይጠየቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ አሁን አንቺ እዚያ ቤት ልትገቢ መሆኑን ስሰማ ነው የመጣልኝ አሉ። ከዚያ እጇን ያዙ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስትገቢ፣ ማንም ሳያይሽ ምን እንደተጻፈበት አየት አድርጊና ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግብሽም።»

«እሺ ሐጂ» አለች ነኢማ። ትንሽ እንኳ አልቆየችም።

ሐጂ መረቋት፣ ረጅም ምርቃት ነው የመረቋት። ጀይሉ እሺ ያለችበት ድምፅ ጆሮው ላይ ቀርቶ የምርቃቱን ግማሹን አልሰማውም። ተነስቶ ሐጂን እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው፣ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጣቸው፣ ሒሳባቸውን ከፈለ። ሐጂ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው መኪናው እስኪታጠፍ አውለበለቡለት።

ሲመለስ ነኢማ ጓሮ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብላ የማንአልሞሽን ሳህኖች ታጥባለች። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ጀይሉ ከአጠገቧ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። እንደማትገባ ስላወቀች ነው እሺ ያለችው፣ ሽማግሌውን ላለማሳዘን ነው ብሎ መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲያባብል ነው የመጣው። አንድ ሳህን አጥባ ደፋች፣ ሁለተኛ አጥባ ደፋች። ሁለቱም ስለ ዘመድኩን አላነሱም፤ ጀይሉ የሰማውን አልነገራትም፣ እሷም ንገረኝ አላለችውም።

«ብትገቢ ኖሮስ?» አለ በመጨረሻ።

ነኢማ ቧንቧውን ዘጋች። እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ነው። ቀና ብላ አየችው፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ቁጣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

«እሳቸውን እምቢ ማለት ማን አስተማረኝ፣ አባ?»

ጀይሉ የታጠቡትን ሁለት ሳህኖች አነባበረ። ከቤት ውስጥ ፋጡሜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለመንገዱ የሚሆን በሶ ነገ ላስፈጭ ወይስ ከነገ ወዲያ ብላ ጠየቀች። ነኢማ ሦስተኛውን ሳህን አነሳች። ፋጡሜ ያልሰሟት መስሏት እንደገና ጠየቀች፣ ወጣ ብላም በሩ ላይ ቆመች፣ አንዴ ባሏን አንዴ ልጇን እያየች።